ገብሱ የሚያጥርበት መስመር

(ደብረ ሲና ላይ ለአካባቢው መምህራንና ተማሪዎች በቃል ከተደረገ ንግግር ተጽፎ የተስተካከለ)

እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ ከላይ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል የመጣችሁ ስንት ናችሁ? እስቲ እጅ አውጡ። ደኅና። ጣርማበር ዋሻው ጋ ስትደርሱ መስኮት የዘጋችሁስ? ሁላችሁም። እኔም እዘጋለሁ፤ ጉሙ ጆሮ ይቆርጣል።

አሁን ዋሻውን ማን ሠራው ብላችሁ አንድ መልስ ነው የምትሰጡኝ። ጣሊያን። መንገዱንስ? ጣሊያን። ከመንገዱ በታች ያለውን አሮጌ ግንብስ? ጣሊያን። እዚያ ማዶ ገብስ ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋውን የድንጋይ ረድፍስ? እሱንም ጣሊያን ነው የምትሉት። እዚህች ላይ ነው ከእናንተ የምለየው። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ስለዚያ የድንጋይ ረድፍ ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት አለፍ ላለ ጊዜ በመንገድ ሥራ ቀያሽ ሆኜ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቀያሽ ማለት ከዶዘሩ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነው። ችካል ይተክላል፣ ከፍታ ይለካል፣ ማሳው ከተነካበት ገበሬ ጋር ይጨቃጨቃል። ጡረታ ስወጣ ሥራዬ ተገለበጠ። አሁን ከኋላ ነው የምሄደው። ሌሎች ቀያሾች ድሮ ያለፉበትን መስመር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ያኔ እየተከፈለህ ትንከራተት ነበር፤ አሁን በነፃ ትንከራተታለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

መጀመሪያ ተራራውን እንየው። ከጣርማበር አናት እስከ ሸዋ ሮቢት አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ትነሳለህ። ታች ወደ 1 ሺህ 300 ትወርዳለህ። ላይ ጋቢ ደርበህ ትንቀጠቀጣለህ፤ ታች የሸሚዝህን ቁልፍ ትፈታለህ። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ማሽላና ሽንኩርት። መሀል ላይ ደብረ ሲና ቁጭ ብላ ቆሎ ትሸጣለች።

ለበቅሎ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። የነጋዴው መንገድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መቶ ሜትር ተሄዶ ሃያ፣ ሃያ አምስት ሜትር ቢያዘቀዝቅ በቅሎዋ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ትወርደዋለች። መኪና ግን ከመቶ አስር ሲያልፍ ማጓራት ይጀምራል። የድሮ ካሚዮንማ ከዚያም በታች ነው አቅሙ። ስለዚህ የመኪና መንገድ ተራራን ፊት ለፊት አይገጥመውም። በጎኑ እያባበለ ይዞረዋል።

እኔ አንድ አሮጌ ዱካ ሳገኝ ቅድሚያ የምለካው ይህንን ነው። ዱካው ከመቶ ሰባት፣ ስምንት እያዘቀዘቀ፣ እየተጠማዘዘ፣ ስፋቱም ከሦስት ሜትር በላይ ሆኖ ከወረደ ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። እግረኛ እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት የለውም። አቋራጩን ይበላዋል። እናንተም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ስትወጡ የምታደርጉትን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ዘመኑ ልግባ። መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ አመጣው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ማሽን ለምኒልክ አስመጥቶ ነበር። ሐዲድ የለው፣ ፉርጎ የለው፤ ሕዝቡ ግን «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ያኔ የሚያጨስና የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ ባቡር ነበር። ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አስጠርገዋል። በዚያ ዘመን ግን የእኛ ተራራ ገና የበቅሎ ነው።

አሁን ወደ 1928 እንዝለል። ወርኃ ሕዳር ነው። ጦርነቱ ተጀምሯል። ጃንሆይ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ለማድረግ ከአዲስ አበባ ተነሱ። በምን? በመኪና። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በካሚዮን ተጭነው በዚሁ መስመር ወደ ደሴ ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ስለ ጉዞው ሲያማርሩ ጽፈዋል። አልፈርድባቸውም።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሕዳር 1928 ነው። ጣሊያን ገና ሰሜን ላይ ነው። ዋሻው የለም። አስፋልቱ የለም። የሙሶሊኒ ስም እዚህ ተራራ ላይ አልተለጠፈም። መኪኖች ግን ከደብረ ብርሃን ተነስተው፣ ተራራውን ተሻግረው፣ ቁልቁለቱን ወርደው ደሴ ገብተዋል። በምን ላይ ሄዱ? በአየር አልሄዱ።

ለዚህ ነው ሁሉንም ነገር «የጣሊያን» ስንል አንድ ሙሉ መንገድ ከታሪክ የምንሰርዘው። ያ መንገድ ቆንጆ አልነበረም። ጠባብ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ውሃውን በአግባቡ አያሳልፍም። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮም ጥሩ ስም አላወጣለትም። ግን የመኪና መንገድ ነበር። በዶማ፣ በአካፋና በሰው ትከሻ የወጣ።

ከዚያ የመጣው ነገር ደግሞ ይገርማችኋል። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ከ1 ሺህ 500 በላይ ተሽከርካሪ ተሰልፎ ነበር። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ የመኪና ሰልፍ ብዙ አልታየም። «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል ስም ሰጡት። ጉዞው ግን የብረት ሳይሆን የጭቃ ሆነ። ዝናብ አለ፣ ጎማው ይሰምጣል፣ ወታደሩ ወርዶ ይገፋል።

ጣርማበር ሲደርሱ ደግሞ መንገድ የለም። የኛዎቹ አፍርሰውታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ክፍል በፈንጂ ገምሰው ወደ ታች ልከውታል። ያ ሁሉ መኪና ተኮልኩሎ ቆመ። የጣሊያን ወታደር መሣሪያውን አስቀምጦ ድንጋይ ሲሸከም፣ ግንብ ሲክብ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ፈጀ። እኔ ቀያሽ ነኝና ይህን ታሪክ ሳስብ የሚታየኝ ጦርነቱ አይደለም። መንገዱን ለማፍረስ የተመረጠው ቦታ ነው። ያንን ነጥብ የመረጠ ሰው መንገዱን በደንብ ያውቀው ነበር። ዞረህ ማለፍ የማትችልበት፣ ላይህ ገደል ታችህም ገደል የሆነበት ቦታ ነው። ምናልባት ሲሠራም እዚያው ነበረ። አላውቅም፤ ግን ደስ ይለኛል እንዲህ ማሰብ።

ከዚያ አልፈው ሄዱ። ጫጫ ላይ አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ደፈጣ ይዞ ጠበቃቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገቡ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ዛሬ የምናውቀው መንገድ የተሠራው ከዚህ በኋላ፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ነው። ጣሊያን ያን ቀን ተኩል አልረሳውም መሰለኝ። አፋፉን በመዞር ፈንታ ተራራውን በሳው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ። ስሙንም ለአለቃቸው ሰጡት። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መስመር በሙሉ ደግሞ «የድል መንገድ» አሉት። ድሉ አምስት ዓመት ነው የቆየው። ግንቡ ግን ቆሟል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ምክንያቱም ሥራው ሥራ ነው። ፈርሶ የሚታይበት ቦታ ሄዳችሁ በጎን ተመልከቱት። ከሥር ትልልቅ ድንጋይ አለ፤ እንደ እንጀራ ተነጥፎ ሳይሆን እንደ ጥርስ ቆሞ የተደረደረ። ሰፊው ጎኑ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ነው። በሹሎቹ መካከል ትንንሽ ድንጋይ በመዶሻ ተጠቅጥቋል። በላዩ የተፈጨ ጠጠር፣ ከዚያ ሬንጅ። ድንጋዩን በማሽን እንዲህ መደርደር አይቻልም። እያንዳንዱን ድንጋይ አንድ ሰው አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ አስቀምጦታል።

ማን ነው ያ ሰው? ከጣሊያን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች መጥተዋል። ከየመንና ከሱዳንም መጥተዋል። ኤርትራውያን ነበሩ። የኛም ሰው ነበረበት፤ ወድዶም ተገዶም። ደመወዙ እኩል አልነበረም፤ ነጩ ከጥቁሩ ብዙ እጥፍ ያገኝ ነበር። እና እኔ «ጣሊያን ሠራው» የሚለውን ስሰማ ቅር የሚለኝ ለዚህም ጭምር ነው። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ሰው ቤት ሲያሠራ ግድግዳውን ማን መረገው ብለን እንጠይቃለን አይደል?

በነገራችን ላይ ይህ መንገድ እንደገና የጦርነት መመላለሻ ሆኗል። በ1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚሁ መስመር ወደ ደሴ ሄደ። አሁን ደግሞ ጣሊያን ነው እያፈረሰ የሚያፈገፍገው። የደቡብ አፍሪካዎቹ መሐንዲሶች ናቸው እየጠገኑ የሚከተሉት። ደሴ የተያዘችው መቼ መሰላችሁ? ሚያዝያ 18 ቀን 1933። ባዶሊዮ ከዚያችው ከተማ በተነሳ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዕለቱ። ይህን ቀን ሳገኝ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ከነፃነት በኋላ መንገዱ ተጎሳቁሎ ቆየ። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር መጣ። አሜሪካውያን መሐንዲሶችም አብረው መጡ። እነሱ አዲስ መንገድ ከማውጣት ይልቅ ያለውን ማስተካከል ነው የጀመሩት። አንዳንዱን ኩርባ አቀኑ፣ አንዳንዱን ድልድይ ቀየሩ። የቀና ኩርባ ሁሉ ደግሞ ከጎኑ አንድ ቁራጭ አሮጌ መንገድ ይተዋል። እኔ በነዚያ ቁራጮች ነው የምኖረው ማለት ይቻላል።

አሁን አንድ ጨዋታ ላሳያችሁ። ድንጋዩ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም። ጋራዥ ሄዳችሁ መካኒክ ሲናገር ስሙ። «ሹፌሩ ጋራዥ ገባ» ይላል። ሹፌርና ጋራዥ ፈረንሳይኛ ናቸው። ባቡርም ከፈረንሳዮቹ የእንፋሎት ቃል ዞሮ የመጣ ነው። ይህ የምኒልክና የባቡር ሐዲዱ ንብርብር ነው። ቀጥሎ «ጎማውን ፍታ፣ ካቻቪቴ አምጣ፣ ባሌስትራው ተሰብሯል» ይላል። ይህ ጣሊያንኛ ነው። መኪና የሚለው ቃል ራሱ የነሱ ነው። ካቦም እንዲሁ። ከዚያ እኔ ቀያሹ እመጣና «ግሬደሩ ሾልደሩን ይጥረግ፣ ዲቹ ተደፍኗል» እላለሁ፤ የመንገዱን ዳርና የውሃ ቦዩን ማለቴ ነው። ይህ የ1943ቱ ንብርብር ነው፤ አሜሪካኖቹ የተዉት። ፍሬን የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ፈረንሳይና ጣሊያን ይከራከሩበት።

እና ታች ያለው፣ ከሁሉም ሥር ያለው ንብርብርስ? ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ኬላ፣ በር። በር! ጣርማበር ስሙ ላይ በር አለው። ዋሻ ሳይበሳ፣ መኪና ሳይታሰብ ሰው እዚህ ማለፊያ እንዳለ ያውቅ ነበር። ቀያሽ ሁሉ፣ የትም አገር ይምጣ፣ መጨረሻ ላይ ነጋዴው በቅሎውን ነድቶ ባገኘው በር ነው የሚያልፈው።

ወደ ፍለጋው ልግባ። ሰዎች ምን ይዘህ ነው የምትፈልገው ይሉኛል። ከዘራ፣ ሜትር፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ። ውሃው ለመጠጥም ነው፣ ለልኬትም ነው። ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ያዘቀዘቀውን ይነግራችኋል። ዋናው መሣሪያ ግን ወቅት ነው።

ክረምት ላይ ምንም አይታይም፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲቆም ሂዱ። ሳሩ ሁሉ ገና ለምለም ሆኖ አንድ መስመር ላይ ብቻ ቀድሞ ቢጫ ይሆናል። ከሥሩ የተጠቀጠቀ ድንጋይ አለ፤ ውሃ አይይዝም። ገብስ ማሳ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይታያል። ማሳው ሁሉ ጉልበት ሲደርስ አንድ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ገመድ የመሰለ መስመር ላይ ገብሱ ያጥራል። ገበሬው ያውቀዋል። «እዚህ ጋ ማረሻ ይመታል» ይላችኋል። ሲመታ ደግሞ ድንጋዩን እያወጣ ወደ ዳር ይጥላል። ስለዚህ በማሳው ጠርዝ ያለው የድንጋይ ቁልል ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ጥዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ስትገባ ተመልከቱ፤ ጥላው ትንሿን ጉብታ ሳይቀር ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ ግን አትድከሙ።

ሌላው የድንበር ነገር ነው። የሁለት ሰው መሬት የሚለየው ድንበር አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ወይም ተረተር ይከተላል። ያለ ምክንያት ቀስ ብሎ የሚታጠፍ፣ እንደ ቀስት የሚዞር ድንበር ስታዩ ቁሙ። ሰው እንዲህ አድርጎ መሬት አይካፈልም። እንዲህ የሚታጠፍ የመኪና ጎማ ነው።

ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለች አንዲት መንደር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድንበር ተከትዬ ስሄድ አንዲት እናት ጓሮ ገባሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ውሻው ጮኸ፣ እሳቸው ወጡ።

«ምን ትፈልጋለህ አንተ ሰው?»

«መንገድ እየፈለግሁ ነው እማማ።»

«መንገዱማ ያው እዚያ ላይ! መኪናው አይታይህም?»

«የድሮውን ነው የምፈልገው። የጣሊያኑን።»

ሳቁብኝ። «የጣሊያኑማ ያ ነው» አሉ ወደ ላይ እያሳዩ። «ይኼ የጃንሆይ ነው። አባቴ ነው የነገረኝ። ሰውን ሁሉ አስወጥተው ያስቆፈሩት።»

ከዚያ ገብቼ ቡና ጠጣሁ። የቡናውን ጀበና ያስቀመጡት ጠርዙ የተስተካከለ ጥርብ ድንጋይ ላይ ነበር። ዞር አድርጌ ላየው ፈለግሁ። «ተወው፣ ጀበናው ይወድቃል» ብለው ከለከሉኝ። ምን ተጽፎበት ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ምንም ላይኖርበትም ይችላል።

የአንድ ሰው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ለካሁት። ከመቶ ዘጠኝ ያዘቀዝቃል። ስፋቱ ከሦስት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከሥሩ እንደ ጥርስ የቆመ ድንጋይ የለም፤ አፈርና ጠጠር ብቻ። የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የለም፤ ውሃው በላዩ እንዲያልፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለታል። ጣሊያን እዚህ ተራራ ላይ እንዲህ አይሠራም። በ1928 ጭቃ ውስጥ የሰመጠ መኪና ሲገፋ የተማረ ሰው ውሃን በላዩ አያሳልፍም። የኔ ፍርድ የእማማ ነው፤ የጃንሆይ መንገድ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ወጣት ቀያሽ ሳለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ አንድ መንገድ ስናሰፋ ዳር ዳሩን አጠር ያሉ የድንጋይ ምሰሶዎች ነበሩ። መኪና ወደ ገደል እንዳይሄድ ድሮ የተተከሉ ናቸው። አናታቸው ክብ ተደርጎ የተጠረበ ነው። አለቃዬ «እነዚህን ወዴት እናድርጋቸው?» አለኝ። እኔ ነኝ መልሱን የሰጠሁት። «ድንጋይ አይደሉ እንዴ? ወፍጮው ውስጥ ይግቡ» አልኩ። ተፈጩ። ገረጋንቲ ሆነው ተነጠፉ። ቁጥራቸውን እንኳ አልጻፍኩም። ያን ጊዜ የሚታየኝ ቀኑ መድረሱና ሥራው ማለቁ ብቻ ነበር። ዛሬ አንዷን ምሰሶ ሳገኝ ልጅ እንዳገኘ ሰው ነው የምደባብሳት።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ልንገራችሁ። ጣሊያኖች ከ1928 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት አገራችንን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ አንስተዋል። ፎቶዎቹ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። አዲስ አበባ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ለዘመናት ተቀምጠው ነበር። አራት አራት ሆነው በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ጎን እያዩ የተነሱ። የኛም የውጭም ተመራማሪዎች አግኝተዋቸው ደንና እርሻ እንዴት እንደተለወጠ ለማጥናት ተጠቅመውባቸዋል። ሁሉም ቦታ አልተነሳም። ግን በተነሳበት ቦታ መንገድ በአየር ፎቶ ላይ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል። ዶዘር ሳይነካው፣ ከተማ ሳይውጠው፣ ባሕር ዛፍ ሳይሸፍነው። ከእናንተ መካከል ጂኦግራፊ የምታስተምሩ፣ ኮምፒውተር የምትችሉ አላችሁ። የኔ ዓይን ደክሟል። ይህንን ሥራ ለእናንተ ነው የምተወው ብል አትቀየሙኝ።

አንድ ጥያቄ ከኋላ በኩል ቀድሞ ደርሶኛል፤ በወረቀት ተጽፎ። «ታዲያ የጃንሆይ መንገድ ቅርስ ሆኖ ይመዝገብ ነው የምትሉት?» ይላል። እኔ እንኳ እንዲያ አላልኩም። ማሳው ላይ ታፔላ ተተክሎ ገበሬው እንዳያርስ ቢከለከል የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ያ ሰው ገብሱን ይብላ። እኔ የምፈልገው አንድ ቀን ውሎ ካርታ ላይ መስመሩን ማሥመር ነው። ከማን ማሳ ገብቶ በማን ጓሮ እንደሚወጣ። ስሙንም ሰዎቹ በሚጠሩት ስም መጻፍ። ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው። እማማም ባለፈው ሳልፍ በራቸው ተዘግቶ ነበር፤ ልጃቸው ጋ ሄደው ይሁን ሌላ ነገር ጎረቤት አላገኘሁም ልጠይቅ።

በሉ፣ ስለ ነገው ላስታውቅ። መሄድ የምትፈልጉ ጥዋት 1 ሰዓት ከዋሻው በላይ በኩል፣ ቆብ ከሚሸጡት ልጆች ጋ እንገናኝ። ከዚያ ወደ አፋፉ እንወጣለን፤ በ1928 የፈረሰው ነጥብ ይሆናል ብዬ የምጠረጥረውን ቦታ አሳያችኋለሁ፣ እናንተም ትከራከሩኛላችሁ። ከዚያ አሮጌውን መስመር ይዘን ቁልቁል ደብረ ሲና ድረስ ነው። በእግር ነው፤ አቋራጭ መብላት ክልክል ነው፣ ኩርባውን ኩርባውን ነው የምንሄደው። ጋቢ ያዙ። ሜትር ያለው ሜትር ይያዝ። ዳቦ የያዘ ሰው ከጭላዳዎቹ ይጠንቀቅ። ቆሎውን እኔ ከደብረ ሲና ገዝቼ ይዤ እመጣለሁ።